የስፌት ቤቱ ክኒን

ሰው ስለ ጨጓራው ሲጠየቅ ለምን እንደሚዋሽ የሚያስረዳት ቢገኝ ሲስተር እድሜ ልኳን ትመርቀው ነበር። ያው ሰው ስለ እግሩ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ጆሮውም አይደብቅም። ወሬው ወደ ጨጓራ ሲዞር ግን ስንቱ ጨዋ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይቀጥፋል።

የምትሠራው በጤና ጣቢያው ኮሪደር ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ዶክተሩ መርምሮ መድኃኒት የጻፈላቸው በሽተኞች ወደ እሷ ይመጣሉ። እሷም አወሳሰዱን ታስረዳቸዋለች፣ የሚበሉትንና የሚተዉትን ትነግራቸዋለች፤ ለክትትል ሲመለሱም የምትጠይቃቸው እሷው ናት። ማስረዳቱስ ደህና ነው። ጤናዋን የሚነሳት መጠየቁ ነው።

ለምሳሌ ይህ ታሪክ በሆነበት ዕለት ጠዋት የመጣውን ሾፌር እንውሰድ።

«ቁርስ ትበላለህ?» አለችው።

«በሚገባ!»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ዛሬ እንኳን አልበላሁም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት መኪናዋ ተበላሽታብኝ…»

«ከትናንት ወዲያስ?»

ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እየጎተተች ወደ ኋላ ስትወስደው፣ በሚገባ እበላለሁ ያለው ቁርስ ታናሽ እህቱ የተዳረች ቀን የበላው ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆዱ የሚያጨሰውን ሲጋራማ እሷ ሳትጠይቀው ጣቶቹ ተናገሩ።

ከእሱ ቀጥሎ የገቡት መምህር መድኃኒቱን ገና በሦስተኛው ቀን አቁመውታል። ለምን ቢባሉ፣ ተሻላቸው። የተረፈውስ? ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብለው መሳቢያ ውስጥ አኑረውታል።

«ጋሼ፣» አለች ሲስተር፣ ድምፅዋ ከፍ እያለ፣ «ባክቴሪያው ገና ግማሹ እንኳን አልሞተም እኮ! የቀረው መድኃኒቱን ይለምደውና ነገ ጡንቻ አውጥቶ ይመለሳል። ተማሪዎችዎን የፈተናውን ግማሽ ሠርታችሁ ውጡ ይሏቸዋል?»

ሌላዋ ባለጉዳይ ደግሞ ከታዘዘላት ሌላ ምንም መድኃኒት እንደማትወስድ ምላ ተገዝታ ስታበቃ፣ መሐረቧን ለማውጣት ቦርሳዋን ስትከፍት አንድ እፍኝ የሕመም ማስታገሻ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ የራስ ምታት ነው፤» አለች ሳታፍር። ጨጓራ እየላጠ ያለው እሱው መሆኑን ሲስተር ለማስረዳት ስትጮህ ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ። ወረፋ የሚጠብቁት ገሚሶቹ ሳቁ። ገሚሶቹ ደግሞ ገብተው የሚናገሩትን እዚያው ተቀምጠው አስተካከሉ።

በሽተኞቹ ከኋላዋ «እሳቷ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አይከፋትም። ዶክተሩ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ሁሉም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይወጣል፣ አንዱም አይሰማውም። እሷ ግን ትጮሃለች፣ ይሰማል። ቢያንስ ለዓመታት ያመነችው እንደዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ችግር ሥራ ቦታ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። የባሰው ቤቷ ነበር።

ሲስተር የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ገና ትንሽ ልጅ ነበረችና እንደ እህትም እንደ እናትም ሆና አሳደገቻት። ልጅቱ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። ጨጓራዬን እያለች፣ ውሃ እየጠጣች፣ ነገ እታከማለሁ እያለች ስትገፋ ቆይታ አምና የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ደም አስመለሳት። ጨጓራዋ ቆስሎ ኖሯል። ሆስፒታል ገብታ፣ ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ሐኪሙ ታላቅየዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ለቁስሉ መነሻ የሆነው ባክቴሪያ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን በሥርዓቱ ከጨረሰች እንደምትድን ነገራት። ቁስሉ ዳግመኛ ከደማ ግን ለቀዶ ጥገና ሊዳርጋት፣ ከዚያም ለከፋ ነገር ሊያደርሳት እንደሚችል አልደበቃትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተር እህቷ ባሳለች ቁጥር ከእንቅልፏ ትባንናለች።

መድኃኒቱ ተወሰደ፣ አለቀ። ሐኪሙ ባለው ጊዜ ተመልሳ ስትመረመር ባክቴሪያው እንዳለ ነው።

«ውጠሽዋል?»

«ውጫለሁ፤ ባዶውን ካርቶን አላየሽም እንዴ እትዬ?»

ካርቶኑ እውነትም ባዶ ነበር። ሲስተር በእህቷ ቃል ተማምና በመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ላይ ዘመተች። ጊዜው ያለፈበት ነው የሸጥክላት፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠኸው ነው፣ ብላ ሰው ፊት አዋረደችው። ሰውየው የእያንዳንዱን እሽግ ቀን እያሳያት እንኳን አልተመለሰችም። ሐኪሙ ሌሎች መድኃኒቶች ቀይሮ አዘዘና፣ «ይሄኛውም ካልሠራ የሚቀረን ብዙ ምርጫ የለም፤» አለ።

ሁለተኛው ዙር ተጀምሮ ሳምንት ሊሞላው ሲል፣ ታናሽየዋ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ሄዳ ሳትመለስ ቆየች። ሲስተር ብቅ ብላ ስታያት ልጅቱ የእጅ መታጠቢያው ላይ ተደፍታ ልቧ ሥር በቡጢዋ ጫን ጫን ታደርጋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ራበኝ መሰለኝ።»

እስካሁን ሕመሙ ቀለል ሊላት ይገባ ነበር። ሲስተር ሥራዋ ገብታ ሾፌሩን፣ መምህሩንና ባለቦርሳዋን ስታነጋግር ሐሳቧ እዚያ መታጠቢያ ላይ ነበር። ለምሳ ሲወጣ ነጩን ጋውን እንደለበሰች ወደ ስፌት ቤቱ ገሰገሰች።

ስፌት ቤቱ ከሱቆች በላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። መኪኖቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ ወለሉ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ጥጉ ላይ አንዲት አሮጊት ልብስ ተኳሽ ከካውያው እንፋሎት ጋር ትታገላለች። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ታዞ ሥራው ጥድፊያ ላይ ነበር። ባለቤቱ ምግብ ጨርቁን ያቆሽሻል ስለሚል ብዙዎቹ ሴቶች እስኪመሽ እህል አይቀምሱም።

ሲስተር በሩ ላይ ስትደርስ እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ በሁለቱ ረድፍ መካከል ቆማለች። በአንድ እጇ የመድኃኒት ካርቶን፣ በሌላው የክር መቀስ ይዛለች።

«ዛሬ ማንን ነው የሚያቃጥላት?» አለች ታናሽየዋ።

ሁለት እጅ ወጣ። ልጅቱ ክኒኑን ከነማሸጊያው በመቀሱ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገች አቀበለቻቸው።

«ለእኔ ያቺን ቢጫዋን፣ ባለፈው እሷ ናት ያስተኛችኝ፤» አለች አንዷ።

«ቢጫዋ አልቃለች። ቀይዋን ዋጪ።»

«ያው ናት?»

«ያው የጨጓራ ናት።»

ሲስተር የጮኸችው ጩኸት መኪኖቹን ሁሉ አስቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?!»

ታናሽየዋ ዞረች። «እትዬ…»

«እትዬ አትበይኝ! ከረሜላ መሰለሽ? የእያንዳንዷን ክኒን ሰዓት ስጠብቅልሽ፣ ያን ምስኪን ሰውዬ በአንቺ ምክንያት ስሰድበው፣ አንቺ እዚህ ታድይዋለሽ?»

«ሁሉም እኮ ያማቸዋል። አጠገቤ ሆዷን ይዛ ስታቃስት እያየሁ እንዴት ብቻዬን ልዋጥ? ያስነውራል።»

«ያስነውራል! አየሽ፣ አሁን አንቺም አልዳንሽ፣ እነሱም አልዳኑ። ባክቴሪያው ብቻ ነው ሁሉንም ዓይነት የቀመሰው!»

ነገሩን ማብረድ የፈለገች አንዲት ወፍራም ሰፊ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ሲስተር፣ እሷን ብቻ አትቆጪ። እኛም ዝም ብለን አንቀበልም። በፊት ወገቤን ስትል ነው የወገቤን ክኒን የሰጠኋት፤ አሁንም እሰጣታለሁ።»

«የምንሽን?»

«የወገቤን። ጠንካራ ናት፣ ወዲያው ነው የምታስተወው።»

የቆሰለ ጨጓራ ላይ ከዚያ ክኒን የባሰ ነገር የለም። ለስንት ሰው ነግራለች፣ ስንቱን አስጠንቅቃለች፤ የገዛ እህቷ ግን በአንድ በኩል መዳኛዋን እያከፋፈለች በሌላ በኩል የሚያደማትን ትውጣለች። ካርቶኑን ነጠቀቻትና በክንዷ ይዛ እየጎተተች ደረጃው ላይ አወጣቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም? እህትሽ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ለማን ልትነግሪ ነው?»

ታናሽየዋ ክንዷን አስለቀቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን አልፈራችም።

«ያቺን ልብስ ተኳሽ አይተሻታል? ከሁላችንም የባሰባት እሷ ናት። አንቺ ጋ ልኬያት ነበር።»

«እኔ ጋ? መቼ መጣች?»

«መጥታለች። ወረፋ ይዛ ስትጠብቅ አንቺ በሩን ከፍተሽ “ቀጣዩ ውሸታም ይግባ” አልሽ። ሰው ሳቀ። እሷ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች። በዚህ እድሜዬ አልዋረድም አለች። ታዲያ ምን ላድርጋት? ከራሴ ሰጠኋት።»

ሲስተር ልትክድ ነበር። ብላ ይሆናል። ትላለች እኮ፤ ሥራ ሲበዛ፣ ለቀልድ ያህል። ሴትየዋን ለማስታወስ ሞከረች፣ ግን ፊቷ ሊመጣላት አልቻለም። ከሁሉ የከነከናት አለማስታወሷ ነበር።

«እኔም እዋሽሻለሁ እትዬ፤» አለች ታናሽየዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ስትጮሂ እውነቱ ይጠፋብኛል።»

ሲስተር የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። ተናዳለች፤ በማን እንደተናደደች ግን ግራ ገባት። በእህቷ እንዳትል፣ ልጅቷ ጥፋቷ ደግነት ነው። በሴትየዋ እንዳትል፣ ሴትየዋ ያደረገችው መዋረድን መፍራት ብቻ ነው። የቀረችው እሷው ራሷ ሆነችና ያ ደግሞ አልጣማትም። ጋውኗን አስተካክላ ተመልሳ ገባች።

ልብስ ተኳሿ ስታያት ካውያውን አነሳች፣ ሥራ የበዛባት ለመምሰል። ሲስተር ከመተኮሻው አጠገብ ያለ የጨርቅ እስር ላይ ተቀመጠች። እህቷ ተከትላት መጥታ በሌላው በኩል ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ሕመሙ እንዴት ጀመረዎት?» አለች ሲስተር፣ በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ።

አሮጊቷ በጥርጣሬ አየቻት። «የጀመረኝ እንግዲህ አከራዬ ግቢውን ቀለም የቀባ ጊዜ ነው። ሽታው ነው የገባብኝ።»

ቀለም ጨጓራ ያሳምማል ያለሽ ማነው የሚል ቃል ሲስተር ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። «እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ የጉልበቴን ክኒን ስውጥ እየባሰብኝ መጣ። ጉልበቴም አልተወኝ። ስለዚህ ሁለት ሁለት አደረግሁት።»

ሲስተር የጋውኗን ኪስ ጨበጠች። «እሺ። ሰገራዎስ፣ መልኩ ተለውጦብዎታል?»

ሴትየዋ ግራና ቀኝ አየች። ካውያውን አስቀመጠች። ሲስተር አልተጣደፈችም፤ ጠበቀች፤ ለእሷ ከሥራ ሁሉ የከበደው መጠበቅ ነበር።

«ጥቁር ነው፣» አለች አሮጊቷ በሹክሹክታ። «ልክ እንደ ሬንጅ። ይሄ ምኑ ይወራል?»

«ጎሽ፣ እንኳን ነገሩኝ። ደም ነው፤ ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሄዳለን፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ሴትየዋ የሚከተለውን ቁጣ ስትጠብቅ ትከሻዋን ሰብስባ ቆየች። ቁጣው አልመጣም። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል ታናሽየዋ ተናገረች። ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም።

«እትዬ… የእኔም ጥቁር ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

ሲስተር ጩኸቱ ሲመጣባት አፈነችው። እጇን ዘርግታ የእህቷን እጅ ያዘች። በረዶ ሆኗል።

«እሺ፤» አለች። «ተነሺ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ።»

አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ደግፋ ደረጃውን አወረደቻቸው፤ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣትም። መንገድ ዳር ቆማ እጇን ስታነሳ ግን አንድ ባዶ ታክሲ አይቶ እንዳላየ አልፏት ሄደ። ከደረጃው ጀምሮ ያፈነችው ጩኸት በሙሉ በታክሲው ሾፌር ላይ ወረደ። የሱቁ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ታክሲውም ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ።