ያላዘዝኩት የዓርብ ፓይ

በዚህ ሥራ የመጀመሪያ ቀኔ የዋለው ፓሳዴና ውስጥ በአንድ ፐብ ነው። ፐብ የእንግሊዞች ዓይነት መጠጥ ቤት ነው፤ ቢራ ይቀዳበታል፣ ከቢራው ጋር ትኩስ ምግብ ይቀርብበታል። ከምግቡ ዋናው ፓይ ነው። ፓይን ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ፣ በሊጥ ታሽጎ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ የሥጋ ወጥ ነው እላለሁ። የፖሙና የዱባው ጣፋጭ ፓይ ሌላ ነው። እኛ ደረጃ የምናወጣው ጨው ላለው ብቻ ነበር።

የቀጠረኝ በሎስ አንጀለስና በዙሪያዋ ያሉ ፐቦችን ፓይ እያስቀመሰ ነጥብ የሚሰጥ ድረ ገጽ ነው። ሦስት ነበርን። አዘጋጇ ሊንዳ ትባላለች፤ የት እንደምንሄድ የምትወስነው እሷ ናት። ዋና ቀማሹ ግሌን ነበር፣ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር። እኔ ሁለተኛ ቀማሽ ሆንኩ። ያኔ ገና የመምህርነት ፈቃዴን ለማግኘት እማር ነበር።

ፓይው ሲመጣ ከላይ ወርቅ መስሎ ያበራል። ሹካዬን አንስቼ ልወጋው ስል ግሌን እጄን ያዘኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀምስ።»

«ኮፍያውን አይተህ ሰውየውን ልታውቅ?» አለና ፓይውን በቢላዋው ጀርባ ደግፎ ሳህኑ ላይ ገለበጠው። ሥሩ ነጭ ነበር፣ እንዳልበሰለ ቂጣ የረጠበ። «ከላይ ሁሉም ያምራል። መጀመሪያ ሥሩን እይ።»

ከዚያ ወዲህ ሥሩን ሳላይ ቀምሼ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከገለበጡት በኋላ መልሶ ማቆም፣ በስለታም ቢላዋ ከመሐል መሰንጠቅ፣ ከዚያ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ። መረቁ እንደ ውኃ ከፈሰሰ ወጡ ቀጥኗል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ደርቋል። ቀስ ብሎ ወጥቶ ሊጡን እንደ መቀነት ማስታጠቅ አለበት። ቀጥሎ ቀጭን ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ይወጋል፤ ዳሩ እየፈላ መሐሉ የሚቀዘቅዝ ብዙ ነውና። ነጥብ የሚሰጠው ለሊጡ፣ ለውስጡ፣ ለመረቁና ለሙቀቱ ነው። ወጡን በሳህን አድርገው ከላይ ብቻ ሊጥ የሚከድኑበትን ግሌን ከፓይ አይቆጥረውም። «ባርኔጣ ያደረገ ሾርባ» ይለዋል።

ሕግም ነበረን። ማንነትህን አትናገርም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ታዝዛለህ፣ ትከፍላለህ። የምታውቀውን ሰው ቤትም ሆነ በነፃ የቀረበልህን አትመዝንም። ስላዘዝከው እንጂ ስላላዘዝከው አትጽፍም። እኔ ሕግ የሚወድ ሰው ነኝ፤ ዛሬም የክፍሌ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሕግ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሄኖክ ግን ሥራዬን ከሥራ አይቆጥረውም ነበር። ፌርፋክስ በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረን እንኖራለን። እሱ በመኪናው ሰው ያመላልሳል።

«ሶ፣ ዛሬስ ምን በልተህ ደከመህ?» ይለኛል በር ሲከፍት።

«የበሬ ሥጋና እንጉዳይ።»

«ሰው እዚህ አገር ድራይቭ ሲያደርግ ወገቡ ይቆረጣል፣ አንተ ታኝካለህ። እናትህ ልጅሽ አሜሪካ ምን ይሠራል ሲሏት ምን ትበል?»

«ይመዝናል፣ ይፈርዳል ትበል።»

«ዳኛ ሆነ በላታ! ዛሬውኑ ደውልላት፤ ድግስ ትደግሳለች።»

የእትዬ ብርሃኔን ነገር ያነሳልኝም እሱ ነው። እትዬ ብርሃኔ ፌርፋክስ ላይ፣ ከእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ተርታ፣ የቆየ ፐብ ከአንድ ሸሪክ ጋር የገዙ ሴት ናቸው። የቀድሞው ባለቤት ፈረንጅ ነበር። እሳቸው ባንኮኒውንም ምድጃውንም እንዳለ ይዘው፣ ፓይ መጋገር ከእሱ ተምረው ቀጠሉበት። ሄኖክ ደንበኛቸው ነው።

«ብርሃኔ ተጨንቃለች» አለኝ አንድ ቀን።

«እትዬ አይባልም?»

«ኦኬ፣ እትዬ ብርሃኔ። ሸሪኳ ምድጃውን እንንቀልና ሺሻ ቤት እናድርገው እያለ ነው። ፓይ ሰው አያመጣም ነው የሚለው። አንድ የፓይ ድረ ገጽ አለ አሉ፣ በየዓመቱ ምርጦቹን የሚያወጣ። እዚያ ከገባሽ አልነካብሽም ብሏታል። ያንተው ይሆን እንዴ?»

ሥራዬን ቢያውቅም የት እንደምሄድ ነግሬው አላውቅም ነበር። ወሬውን ወደ ትራፊኩ አዞርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሊንዳ ደወለች። የዓመቱ ዝርዝር የሚዘጋበት ቀን ነበር። «አንድ ቤት ቀርቶናል» አለች። «ፌርፋክስ ላይ ነው፣ ላንተ ቅርብ ነው። የበግ ፓይ አላቸው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሂድና ደውልልኝ።» የቤቱን ስም ስሰማ ደስ አለኝ። ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ስለዚህ ሕጉ አይከለክለኝም። ፓይው ጥሩ ከሆነ ጥሩ ብዬ እጽፋለሁ፣ ምድጃውም ይተርፋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል መሰለኝ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እኔ ትልልቆቹን አጽዋማት እንጂ ረቡዕና ዓርብን አልጾምም። ማተቤን ግን አላወልቅም። ሁለቱ የሚጋጩ ሆነው ታይተውኝ አያውቁም።

መኪናዬን ጀርባው ላይ ፓርክ አድርጌ ገባሁ። ቤቱ ከቀትር በኋላ ጭር ብሏል። ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ቢራ ይዘው ኳስ ያያሉ። ባንኮኒው ጋ ነጠላ ቢጤ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ዱቄት የነካው ሽርጥ የታጠቁ ሴት ቆመዋል።

«እንደምን ዋልክ ልጄ። የማን ልጅ ነህ? ለዓይኔ አዲስ ሆንክብኝ።»

«ሥራ ቦታዬ ራቅ ስለሚል ነው እትዬ። የበግ ፓይ ይስጡኝ፤ አንድ ቢራም።»

አየት አደረጉኝ። «እሺ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ፓይው መጣ። ሽፋኑ ብዙም አያበራም፣ ዳሩ ግን እንደ ሳምቡሳ ጠርዝ ተቆልምሞ ተዘግቷል። እሳቸው ዘወር ሲሉ ገለበጥኩት። ሥሩ ደረቅ፣ ቡናማ፣ በጣቴ ስመታው ድምፅ የሚሰጥ ነበር። በዚህ ሥራ እንደዚያ ያለ ሥር ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። መልሼ አቁሜ ከመሐል ሰነጠቅኩት። በግ የለም። ቀይ ምስር ነው፣ በርበሬው በደንብ የበሰለ፣ ሽንኩርቱ ሟሙቶ የጠፋ። መረቁ ቀስ ብሎ ወጥቶ ሊጡን አስታጠቀው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ ያዘዝኩት የበግ ነበር።»

ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውቃለሁ። ዛሬ ዓርብ አይደል? ማተብህን አየሁት። ሩጫ ላይ ሆነህ ረስተኸው ነው። ሰው ፊት ጾም ነው ብልህ ታፍራለህ ብዬ ዝም ብዬ ቀየርኩልህ።»

ይህ ስህተት ሌላ ፐብ ውስጥ አይሠራም። አይሪሹም ሆነ እንግሊዙ አሳላፊ የደንበኛውን አንገት አይቶ ትዕዛዝ አይለውጥም። እኔም «አልጾምም» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ማተብ ካሰረ ሰው አፍ፣ በዓርብ ቀን፣ እናቴ ከምትሆን ሴት ፊት ያ ቃል እንዴት ይወጣል? «ለሥራ ነው የመጣሁት» እንዳልል ሕጉ ያዘኝ። በላሁ።

«ምስሩስ? ጨው በዝቶበት ይሆን?»

«የለም። በጣም ጥሩ ነው። ምነው የምግብ ዝርዝሩ ላይ የለም?»

ሳቁ። «ይሄ የኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለራሴና ለሠራተኞቼ የምጋግረው። ሊጡ ቅቤ የለውም፣ በዘይት ነው፤ ስንት ዓመት ሳበላሸው ነው እሺ ያለኝ። ሥጋ የሌለው ፓይ ማን ይገዛኛል?»

«ሰው ይገዛል እትዬ። ብዙ ሰው ሥጋ አይበላም።»

«እነሱ ደግሞ ሰላጣቸውን ይብሉ» አሉና ብርጭቆ ማድረቅ ቀጠሉ።

ሒሳብ ስጠይቅ የቢራውን ብቻ ነገሩኝ። ለራሳቸው የሠሩትን የጾም ምግብ አይሸጡም። ልክፈል ብል እምቢ አሉ። ገንዘቡን ሳህኑ ሥር ትቼ ወጣሁ። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ «አንተ ልጅ! አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሽርጣቸው እየሮጡ መጥተው ብሩን ኪሴ ውስጥ ከተቱት። «መርሳት አበዛህ! አሁንስ ጾሙንም ገንዘቡንም! ሚስት የለህም መሰለኝ» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ለሊንዳ ደወልኩ።

«ስንት ሰጠኸው?»

«ከቀመስኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ሊጥ ነው።»

«ግሩም! የበጉ ሥጋስ?»

«በግ አልበላሁም።» የሆነውን ሁሉ አስረዳኋት። ጾሙን፣ ማተቡን፣ ዓርብን። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እስቲ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ» አለች። «ያላዘዝከውን፣ የማይሸጥ፣ በነፃ የተሰጠህን ፓይ ነው የበላኸው። ይህን ምን ብዬ ላውጣው? አንባቢ ሄዶ ቢጠይቅ አያገኘውም።»

ሕጉን ከእኔ በላይ የሚያከብር አልነበረም። ነገ ተመልሼ ልሂድ አልኳት፤ ዝርዝሩ ዛሬ ይዘጋል አለች። ከግሌን ጋር ተነጋግራ እሱ እንዲሄድ አደረገች። ግሌን ከፓሳዴና ያን ሁሉ ትራፊክ አልፎ መጣ። አንገቱ ላይ ምንም የለም፣ ቀኑም ለእሱ ዓርብ ብቻ ነው። የበግ ፓይ አዘዘ፣ የበግ ፓይ ቀረበለት።

ማምሻውን ደወለልኝ። «ሥሩ ረጥቧል» አለኝ። «ሥጋው ደህና ነው። ሊጡ ላይ ቅቤ በዝቶ ከብዷል። መጥፎ አይደለም፤ ከዝርዝሩ ግን አይገባም። አዝናለሁ ልጄ። ያልከው ሊጥ የት ነው ያለው?»

ግሌን አልተሳሳተም። ይህን ደጋግሜ የማስበው እሱን የምወቅስበት ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ነጥቡ ትክክል ነበር፣ ሕጉም ትክክል ነበር፣ እትዬ ብርሃኔም እንደ እምነታቸው ትክክል ነበሩ። ይሸጡት የነበረው ፓይ ከሌላ ሰው የተማሩት ነው። ከራሳቸው እጅ የወጣው ግን በሳምንት ሁለት ቀን እየተጋገረ ጓዳ ውስጥ ይበላ ነበር።

ዝርዝሩ ሲወጣ የቤቱ ስም የለም። ማንነቴን ለመናገር የሚከለክለኝ ነገር ስለሌለ ተመልሼ ሄድኩ። የምስሩን ፓይ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያውጡት፣ የሚመጣው ዓመት አለ ልላቸው ነበር። ስገባ ከጓዳው በኩል የመሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል። ምድጃው ተነቅሎ ወጥቷል። ቦታው ላይ ሁለት ሰዎች ዝቅተኛ ሶፋ እየገጠሙ ነው። እትዬ ብርሃኔ ባንኮኒው ጋ ናቸው፤ ሽርጥ የለባቸውም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዳር ላይ ያለች ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ እትዬ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ምነው ያን ጊዜ ብትነግረኝ? በጉንም ምስሩንም አቀርብልህ ነበር እኮ።»

«ሕጋችን አይፈቅድም።»

«የኔም አይፈቅድም» አሉ። «ማተብ ላሰረ ልጅ በዓርብ ቀን ሥጋ አላቀርብም። ምድጃው ቢሄድም ማለቴ ነው።» ከዚያ እንደ መጽናናት አድርገው «ሊጡ ግን ከሁሉ ይበልጣል ብለሃታል? ለሴትዮዋ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ብያታለሁ።»

«የት ጻፈችው?»

«አልጻፈችውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ምድጃ ያለበት ሌላ ቦታ እስኪያገኙ ባልድዊን ሂልስ ሰፈር አንዲት አሮጊት እየተንከባከቡ መሥራት መጀመራቸውን ሄኖክ በኋላ ነገረኝ። እስካሁን አላገኙም። ቤታቸው ያለው ምድጃ አፓርታማው የሰጣቸው ነው፤ ሥሩን አያደርቅልኝም ይላሉ።

እኔ ትንሽ ቆይቼ ሥራውን ተውኩ። ፈቃዴን አገኘሁና ሙሉ ጊዜዬን ለማስተማር አዋልኩት። ግሌን ጉልበቱን አሞት ቤቱ ነው። በምትካችን ሁለት ወጣቶች ተቀጥረዋል፣ አንዷ የእኛ ልጅ ናት፤ ይህን የጻፍኩትም ስለ አሠራሩ ጠይቃኝ ነው። ቢላዋ አያያዙን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ሥሩን መገልበጡን ከላይ አስረድቻለሁ። የቀረው ይህ ነው፦ የእኛ ሰው ፐብ ረቡዕና ዓርብ አትሂዱ። በሌላ ቀን ስትሄዱም የተጻፈውን ከማዘዛችሁ በፊት፣ እናንተ ራሳችሁ ምን ትበላላችሁ ብላችሁ ጠይቁ።