ሰላምታ የበዛበት ርዕስ

ፀጉር አስተካካዩ ሰላምታ አይጠግብም። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጤና አንድ በአንድ ሳይጠየቅ መቀስ ራሱን አይነካውም። ይኼ ጠባዩ ለሥራው በጅቶታል፤ ዓሦቹ የታመሙ ዕለት ግን ጉድ ሊሠራው ነበር።

ነገሩ የመጣው ባለቤቱ አራስ እህቷን ልታግዝ ሌላ ከተማ ስትሄድ ነው። በሱቁ ጥግ ያለው የመስታወት ገንዳ የእሷ ነው፤ ዓሦቹን ከጥፍር በማይበልጡበት ጊዜ ጀምራ ያሳደገቻቸውም እሷ ናት። ስትወጣ ማጣሪያውን እንዳይነካ ደጋግማ ነግራዋለች። እሱ ግን ተመልሳ ስታየው ትደሰት ብሎ፣ ዝቃጭ የያዘውን የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቶ በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ መለሰው። በማግሥቱ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ባለቤቱ «ሽማግሌው» የምትለው ትልቁ ቀይ ዓሣ በጎኑ ማጋደሉን ሲያይ ሰውየው ክው አለ።

ባልና ሚስቱ በኢንተርኔት የዓሣ አርቢዎች መወያያ ውስጥ አባል ናቸው። ቶሎ ብሎ ስልኩን አወጣና ርዕስ በሚጻፍበት ቦታ ላይ «እንደምን ሰነበታችሁ የዚህ ቤት ወንድሞችና እህቶች፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ብቻ…» ብሎ ጻፈ። ቦታው እዚያ ላይ አለቀበት። እስከ ረፋዱ ያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «እኛም ደህና ነን፣ አንተስ?»

ጢሙን ሊላጭ የመጣ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ ስልኩን ተቀብሎ አየና ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ይኼን እኔም ብሆን አልከፍተውም። ምንም ያልጎደለው ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው።»

ፀጉር አስተካካዩ ቅር እያለው «የአንድ ጓደኛዬ ዓሦች ታመዋል» ብሎ እንደገና ጻፈ። አሁን ሰዎች መጡ፤ ግን ጥያቄ ይዘው ነው የመጡት። ጓደኛህ አዲስ ዓሣ ጨምሯል? ምግብ አብዝቷል? ማጣሪያውንስ ነካክቶ እንደሆነ ጠይቀው አሉት። እሱም ጓደኛዬ ለጊዜው ስልክ አያነሳም ብሎ መለሰ። ከሁሉ በላይ የፈራው ባለቤቱ እንዳታየው ነው። እዚያ መወያያ ውስጥ ስለ ዓሣ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ የእሷ ባል መሆኑንም የማያውቅ የለም።

ይኼኔ ሽማግሌው ወደ ገንዳው ወለል ሰመጠ። ሰውየው ምላጩን አስቀመጠ። እሷ ብትቆጣም ትቆጣ፣ ዓሣው ግን አይሞትም አለና ርዕሱ ላይ ጻፈ፦ «ማጣሪያውን በሳሙና አጠብኩት፤ የባለቤቴ ዓሦች ሊሞቱብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» ሰላም እንኳ አላለም። ነውር የሠራ መስሎት ፊቱ ጋለ።

መልሱ ይጎርፍ ጀመር። ውሃውን የሚያጠሩት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ስፖንጁ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ሳሙናው ፈጅቷቸዋል አሉት። ስፖንጁን ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቀው፣ የገንዳውን ውሃ ግማሹን ቀይር፣ የምትጨምረው ክሎሪኑ እንዲለቅ ያደረ ውሃ ይሁን፣ ምግብም አትስጣቸው። ደግነቱ ለራስ ማጠቢያ በበርሜል ያሳደረው ውሃ ነበር። ሹፌሩም ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ባልዲ አንስቶ ይቀዳ ጀመር።

አመሻሹ ላይ ሽማግሌው ቀና ብሎ አንዴ ገንዳውን ዞረ፤ ደግሞም ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ እፎይ ብሎ የደንበኞቹ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ባለቤቱ ናት። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያሰላስል ቀደመችው።

«ሽማግሌው እንዴት ነው?»

«ይዋኛል» አለ። «ስሚኝማ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ…»

«ርዕሱን አይቼዋለሁ» አለችው። «ነግረኸኛል እኮ።»