ሰባት ቁራጭ ሲቀር

ይዘንጋሽ ኮምፒውተር ውስጥ ሰይጣን አየች ተባለ። ሞላሌ ገበያ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያት ጮኻ ከወንበሯ ወደቀች። ሦስት ቀን ሱቋን ዘግታ ጸበል ገባች፤ ሰይጣኑም ሲለቅ «በሽቦ ነው የመጣሁት» ብሎ ተናዘዘ። ይህችን የመጨረሻዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጭራ አልነበረውም፤ ጭራ የሌለው ወሬ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሰይጣን አላየችም፤ ጸበልም አልገባችም። መጮኋ እውነት ነው። ያየችው አህያ ነው። የገዛ አህያዋን።

ይዘንጋሽ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ የኢንተርኔት ዶንግል ይዛ ማመልከቻ፣ ውልና የዕድር ማስታወቂያ የምትጽፍ ሴት ናት። ባሏ ወዳጆ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ልጃቸው ትሕትና አራተኛ ክፍል ናት። በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነ አንድ ሳምንት፣ ይዘንጋሽ በኢንተርኔት አንድ ጨዋታ አገኘች። በየቀኑ አንድ ሥዕል መቶ ሃምሳ ቦታ ተቆራርጦ ይመጣል፤ ያንን መልሶ መግጠም ነው። አንድ ቀን ወፍ፣ አንድ ቀን ፏፏቴ፣ አንድ ቀን የጥንት ሰዓሊ የሣላት ድልድል ያለች ሴትዮ። ሁለት ቁራጭ ሲገጥም ኮምፒውተሩ «ጠቅ» ይላል። ያቺን ጠቅታ የሰማች ቀን ማመልከቻ ጸሐፊነቷን ትረሳዋለች።

ሥዕሉን ብቻዋን አልነበረም የምትገጥመው። ከጎኗ ያለው ልብስ ሰፊ ተገኘ መኪናውን ትቶ ይመጣል። ሽንኩርት ነጋዴዋ ብርነሽ ጆንያዋን ለፈጣሪ አደራ ብላ ትመጣለች። ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት ግን ጋሽ ሸዋንዳኝ ናቸው፤ የጓሳ ጠባቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ።

ጓሳ ለጣራ ክዳን የሚሆን ሣር የሚበቅልበት የጋራ መሬት ነው፤ ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ደርሶ ኮሚቴው ቀን ቆርጦ እስኪከፍተው ድረስ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ጉዱ ፈላ። በፊተኛው ዓመት አባይነህ የሚባል ሰው ሁለት ነዶ ይዞ ተገኘ። ሣሩ ሲከፈት አትገባም ተባለ፤ እሱንስ ቻለው። ያልቻለው ሰንበቴ ላይ ጽዋው እሱ ጋ ሲደርስ መዝለሉን ነው። ሰላምታው ሲቋረጥ፣ ደቦ የሚጠራው ሲጠፋ፣ ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን ይዞ ዓለም ከተማ ዘመዶቹ ጋ ገባ። የውሳኔውን ደብዳቤ ጋሽ ሸዋንዳኝ ሲናገሩ የጻፈችው ይዘንጋሽ ናት። «ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልሏል» የምትለዋን እንዲያምር ብላ አድምቃታለች።

በጥር ወር ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። የዕለቱን ጨዋታ ስትከፍት ግርጌው ላይ በእንግሊዝኛ «መንዝ ጓሳ፣ ኢትዮጵያ» የሚል አነበበች። ከሱቋ ዘላ ወጣች።

«ኑ! ኑ! ጓሳችን ዓለም ላይ ወጣ!»

እንግዲህ ጠሪዋ ራሷ ናት።

«የታለ?» አለች ብርነሽ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ከቀሚሷ እያራገፈች።

«ቆይ፣ ገና ልሰበስበው ነው።»

«ጓሳን ቆራርጠው ለፈረንጅ ሸጡት ስላችሁ አላመናችሁኝም» አለ ተገኘ።

ጋሽ ሸዋንዳኝ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ማንም የለም። «አፍህን ሰብስብ አንተ። ቀልድህ አንድ ቀን ያስቀፈድድሃል» አሉና ወንበራቸውን ከይዘንጋሽ ኋላ አስጠግተው ተቀመጡ። ጋሽ ሸዋንዳኝ አንድ ልማድ አላቸው፤ ሲያወሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉታል፣ ሲያዩ ወደ አፍንጫቸው ያወርዱታል። ይህን ልብ በሉልኝ።

መጀመሪያ አንድ ቀይ ቀበሮ ተገጠመ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጆሮው፣ አፍንጫው፣ ነጭ ደረቱ።

«ይኸውልሽ የኔ ዘበኛ!» አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ። «ደመወዝ ጨምሩልኝ አይል፣ ፈቃድ አይል።»

ቀጥሎ ሣሩ፣ ቀጥሎ ደመናው። ከቀበሮው ጀርባ ዳገቱ ጥግ ላይ አንድ ቡናማ ነገር ቀረ። ይዘንጋሽ አንዷን ቁራጭ በማውሱ ያዘቻት። ቀይ ክር አለባት። ከበግ ጠጉር የተሠራ የባና ጨርቅ፣ ዳሩ በቀይ ክር የተዘመዘመ። የአህያዋ ጀርባ እንዳይላጥ ብላ ይዘንጋሽ ራሷ ከአሮጌ ባና ቀዳ የሰፋችላት ነው። ቀጣይዋ ቁራጭ ላይ ጆሮ አለ፤ ጫፉን ጅብ የወሰደው የግራ ጆሮ። ከጆሮው በላይ የሣር ሸክም።

እጇ ቆመ።

ባለፈው ግንቦት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጣራቸው ያፈስ ነበር፤ ትሕትናም ሌሊቱን ሙሉ ታስላለች። ይዘንጋሽ ባሏን ነዘነዘችው። ወዳጆ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሣር ጭኖ መጣ። «ከመሐል ሜዳ ገበያ ገዛሁት» አላት። በዚያ ወቅት የጓሳ ሣር የሚሸጥ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። አልጠየቀችም። ጣራው ተከደነ፤ የልጅቷ ሳልም ለቀቃት።

«ምነው ቆምሽ?» አለች ብርነሽ። «ያቺን ጆሮ የመሰለችውን እዚያ አስገቢያት እንጂ!»

«እሷ… እሷ ሌላ ቦታ ናት።»

«የምን ሌላ ቦታ፣ አፏን ከፍታ እየጠበቀችሽ!» ብርነሽ እጇን ሰዳ ማውሱን ገፋችው። ጠቅ።

ተገኘ አንገቱን አሰገገ። ልብስ ሰፊ ሰው ዓይኑ ጨርቅ ላይ ነው የሚያርፈው። «እሷ ቀይ ክር የኔን ክር ትመስላለች። ያንን ቀለም እኮ ለሁለት ሰው ነው የሸጥኩት። አንዱ ቄሱ ናቸው፤ ሌላዋ ማን ነበረች…»

ሰባት ቁራጭ ቀረ። ከአህያዋ ጎን የቦቲ ጫማ ያደረገ የወንድ እግር ገብቷል፤ ከወገቡ በላይ ገና ነው። ይዘንጋሽ ከኋላዋ የጋሽ ሸዋንዳኝ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ዞራ መነጽራቸው የት እንዳለ ልታይ ፈለገች፤ አንገቷ እንቢ አላት።

ጫማዋን አወለቀችና ኮምፒውተሩን ለማጥፋት በእግር ጣቷ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ስፒና ፈለገች። አገኘችው። ያገኘችው ግን ሽቦው በተላጠበት በኩል ነው። ኤሌክትሪኩ ያዛት፤ ጩኸቷ ገበያውን አቆመው፤ ከነወንበሯ ወደቀች። ኮምፒውተሩ ጨለመ።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ። ሰይጣኑ የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ቤቷ ገባች። ወዳጆ አጥሩን ይጠግን ነበር።

«ሣሩን ከየት ነው የገዛኸው?»

«ከመሐል ሜዳ።»

«ከማን?»

«ከሰው ነዋ።»

«ሰውየው እንዳንተ ቦቲ ያደርጋል?»

ኮምፒውተር ላይ ያየችውን ነገረችው። ወዳጆ መዶሻውን አስቀመጠ። አንድ ፈረንጅ በሩቅ ዳገት ላይ ነበር አላት፤ እንደ ቧንቧ የረዘመ ካሜራ ይዞ፤ ቀበሮ ነው የሚያነሳው ብዬ እጄን አውለበለብኩለት አላት።

«አውለበለብክለት!»

«ሰላም አለኛ! ምን ላድርግ?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ጋሽ ሸዋንዳኝ አይተዋል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ካላዩ አላዩም።»

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ሳይንኳኳም ትደነግጣለች። ቀና ስትል ሣሩ ይታያታል። በሦስተኛው ቀን ትሕትና ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ የአባይነህ ልጆች ለምንድን ነው የሄዱት?» ስትላት፣ ልጅቷ እንዲሁ መጠየቋ ይሁን ሰው ልኳት አላወቀችም። የጋሽ ሸዋንዳኝ መነጽር የት እንደነበር ለመገመት ስትሞክር አንዴ ግንባራቸው ላይ ታየዋለች፣ አንዴ አፍንጫቸው ላይ።

በአራተኛው ቀን ማልዳ ሱቋን ከፈተች። መጀመሪያ ያደረገችው የዚያን ዕለቱን ሥዕል መልሳ ከፍታ የቀሩትን ሰባት ቁራጮች ብቻዋን መግጠም ነው። ወዳጆ ወጣ፤ ጥርሱን ገልጦ እየሳቀ፣ እጁን አንሥቶ። ከሥዕሉ በታች የዓለም ሕዝብ አስተያየቱን ጽፏል። አንዲት ሴትዮ «እንዴት የምታምር አህያ!» ብላለች። ይዘንጋሽ ዘጋችው። ዘጋችው እንጂ እዚያው ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሸዋንዳኝ መጡ።

«ተሻለሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የምትጽፊልኝ አንዲት ደብዳቤ ነበረችኝ» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ። የታጠፈ ወረቀት ጫፉ ይታያል። «እሷ ትቆየን። መጀመሪያ ሥዕሉ።»

የማን ስም እንዳለበት ሳትጠይቅ የዕለቱን ሥዕል ከፈተች። ብርነሽ መጣች፤ ተገኘም መጣ፤ «ሰይጣኑ ገብቷል ወይስ ገበያ ሄዷል?» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። የዕለቱ ሥዕል የባሕርና የጀልባ ነው፤ የቀለም ሥዕል። ይዘንጋሽ ዳሩን ያዘች። ጠቅ። አንድ ጀልባ ወጣች። ጠቅ። ጋሽ ሸዋንዳኝ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ቀስ ብለው፣ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን፤ አፍንጫቸው ላይ አደረጉት።

«ያቺ ጥጓ ላይ ያለችው ምንድን ናት ልጄ? አትታየኝም።»

ይዘንጋሽ እጇን ከማውሱ አነሣች። ዓይኗን ከባሕሩ አልነቀለችም።

«ጋሼ» አለች፣ «ያቺ የባለፈው ሥዕል አህያ የእኔ ናት።»