በዝርዝሩ ላይ ሰባተኛው አባቴ ነበሩ

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተቀጠርኩ ዕለት ዓለም የእኔ የሆነች መሰለኝ፤ የወር ደመወዝ፣ እድገት፣ ከተሳካም ወደ ባሕር ዳር መዛወር። ከጋሳይ ከተማ ወዲያ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርሱት አባቴ ግን ሥራዬ አልገባቸውም።

"የማንን ነገር ነው የምትጽፊው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"አለቃዬ የሚሰጠኝን።"

"ታዲያ ያንቺ የቱ ላይ ነው?"

የገበሬ ነገር ብዬ በሆዴ ናቅኋቸው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወጣት ካድሬ የነበረው አለቃዬ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አመጣልኝ። መሬትና በሬ የጋራ የሚሆንበት የአምራቾች ማኅበር አንገባም፣ በሬያችንን አንሰጥም ያሉ ገበሬዎች ሰኞ ተይዘው እንዲቀርቡ የሚያዝ ደብዳቤ ነው። ሰባተኛውና የመጨረሻው ስም ላይ ስደርስ መጻፌን አቆምኩ። አባቴ ናቸው፤ ከነአያቴ ስም፣ ከነቀበሌያቸው።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ነበር። "ይሄ ካንቺ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም አይደል? ዘመድሽ ነው እንዴ?"

"አይ ጓድ፣ የስም መመሳሰል ነው" አልኩት። ጽፌ ጨርሼ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር የቅጥር ማኅደሬን አይተው የመጡብኝ ይመስለኝ ጀመር።

በማግስቱ አሞኛል ብዬ በጭነት መኪና ጋሳይ ድረስ ሄድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ከኋላዬ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የተላከብኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መካዴንም ጭምር።

ሥራቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። "ስሜን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ፣ አባዬ። እባክዎ ይፈርሙና ማኅበሩ ውስጥ ይግቡ። የሚወስዱትን ሰው ሁሉ አይመልሱም እኮ።"

"በሬዎቼን አስረክቤ በሰው ትእዛዝ ልረስ? እስከ ዛሬ ወገቤ የቻለው የራሴ ነው እያልኩ ነው።"

"እኔም በሰው ትእዛዝ ነው የምሠራው።"

"አንቺማ መርጠሽው ነው" አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱን በሬዎች እየነዱ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ሄዱ። ሲመለሱ አውራ ጣታቸው ላይ የአሻራ ቀለም ነበር። "አንቺን ከሥራሽ እንዳያባርሩብኝ ብዬ ነው" አሉኝ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ሰኞ የቀሩትን ስድስት ሰዎች እጃቸውን አስረው ሲያመጧቸው በመስኮት አየሁ። አንዱ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

በዓመቱ እድገት አገኘሁ። ልነግራቸው ብሄድ አባቴ በማኅበሩ ማሳ ዳር ከሌሎች ገበሬዎች ጋር የሥራ መግቢያ ደወል እስኪደወል ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ግን ማንም አልተነሣም። ወሬዬን ስነግራቸው "ደግ ነው" አሉኝ።

"እርስዎስ ሥራ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

አጠገባቸው ያሉትን ሰዎች በዓይናቸው ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እዚህ አትጠይቂኝ፤ ይሰሙናል።"