አባቴ ያፈረሰው ግድግዳ

ከጭድ ጋር የተቦካ እርጥብ ጭቃ ሽታ በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል። ባለፈው ዓመት ለኮንሰርት ሩቅ አገር ሄጄ፣ ከልምምድ ወጥቼ በእግሬ ስመለስ፣ ሰዎች አንድ አሮጌ ቤት በጭቃ ሲመርጉ አገኘሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልቤ ጎንደር አራዳ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ገብቶ ነበር።

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ቤታችንንም የሠራት እሱ ነው። ለእሱና ለእናቴ ልጃቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ፒያሳ አካባቢ የአንዲት ጡረተኛ የሙዚቃ መምህርት አጥር ሊክብ ሄዶ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር። እትዬ አስካለ ይባላሉ። በመስኮት ተንጠልጥዬ ፒያኖ ሲመቱ ስሰማ አይተው አስገቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በጋውን ሁሉ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሮጥኩ እሳቸው ዘንድ ፒያኖ ልማር እሄድ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ሰኔ እትዬ አስካለ እግራቸው ደክሞ፣ ልጃቸው ባሕር ዳር ልትወስዳቸው መጣች። ፒያኖውን አንድ ሆቴል ለጌጥ ፈልጎት ነበር፤ እሳቸው ግን አባቴን አስጠርተው ከእኔ ከተማሪያቸው ቤት ሌላ የትም እንደማይሄድ ነገሩት። አባቴ እሺ ብሎ መጥቶ በገመድ ቢለካ በራችን በአንድ ስንዝር ጠበበ። በማግስቱ ጠዋት መጋዝና ዶማ ይዞ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ ጀመረ።

«ምነው? ክረምት ደጅ ቆሞ ቤት ይፈርሳል?» አለችው እናቴ።

«ግድግዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ እሠራዋለሁ» አላት ቀና ሳይል። «የልጅቱን እጅ ግን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።»

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃዎቿን ከአቧራው ታሸሽ ጀመር።

ከአባቴ ጋር የሚሠሩ ስምንት ሰዎች ፒያኖውን ከፒያሳ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። ገና መሬት ከመንካቱ ዝናቡ ወረደ፤ ነፋሱም በተከፈተው ግድግዳ ውሃውን ወደ ውስጥ ይረጨው ጀመር። ያን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋ የነበረችው እናቴ ከአልጋዋ ላይ ብርድ ልብሷን፣ ከትከሻዋ ላይ ጋቢዋን ገፍፋ ፒያኖውን ሸፈነችው፤ ላስቲክም ደረበችበት። እሷ ግን ርሳ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። አባቴ የመረገው ጭቃ አልደርቅ ብሎት በከሰል እሳት ሲያሞቀው፣ እኔ ሽታውን እየሳብኩ እለማመድ ነበር። እርጥበት የገባቸው የፒያኖው ቁልፎች ስጫናቸው ሰምጠው ይቀሩና በጥፍሬ እየሳብኩ አወጣቸው ነበር። እትዬ አስካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ፤ እናቴ ስልኩን ፒያኖው አጠገብ ይዛ ትቆማለች፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰምተው ያርሙኝ ነበር። ክፍሉ አልጋና ፒያኖ አንድ ላይ ስላልያዘ፣ አልጋው አምባ ጊዮርጊስ ለነበረው አጎቴ ተላከ፤ ወላጆቼም መሬት ላይ ፍራሽ ማንጠፍ ጀመሩ። እኔ ከቤት እስክወጣ ሰባት ዓመት እንዲያው ተኙ፤ ያኔ አንድ ቀን እንኳ አልገረመኝም።

መስከረም ሲጠባ ግድግዳው ደረቀ፤ አባቴም ኖራ ቀባው። በጥምቀት የመጡ አንድ ዘመዳችን ጠረጴዛ መስሏቸው የጠላ ብርጭቋቸውን ፒያኖው ላይ ቢያስቀምጡ፣ እናቴ አንስታ እጃቸው ላይ መለሰችላቸው። አባቴ ግን ፒያኖውን ነክቶት አያውቅም ነበር፤ ሲሚንቶ የሰነጠቀው እጁ የሚቧጭረው ይመስለው ነበር። አንድ የበጋ ቀን አጥብቄ ብለምነው፣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ መጥቶ በአንድ ጣቱ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስም ጣቱን አላነሳም። «ሸጋ ነው» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ተፈትኜ አዲስ አበባ ሙዚቃ ልማር ገባሁ፤ ኋላም ውጭ አገር ተማርኩ፤ ይኸው ኑሮዬ ከኮንሰርት ወደ ኮንሰርት ሆነ።

አሁን ቤቴ ውስጥ ፒያኖው የራሱ ክፍል አለው፤ ድምፁን የሚቃኝለት ባለሙያም አለው። ስለማመድ በሩን ስለምዘጋ ማንም አይሰማኝም። አዳራሽ የሞላው ሰው የሚሰማኝ የምጫወተውን አጥንቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አባቴና እናቴ ግን፣ እሷ ጥጧን እየፈተለች፣ እሱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ አንዱን ቦታ ሃምሳ ጊዜ ስሳሳት አንድም ቀን «በቃሽ» ሳይሉኝ፣ የሰሙኝ ገና አጥንቼ ሳልጨርሰው ነው።