አትንካ የተባለው ሰሃን

ሰፈርተኛው «ጥሩምባው» ይለዋል። አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ከፊቱ ያለው መኪና ለአፍታ ከቆመ በቃ፣ ጥሩምባውን ያምባርቅበታል። ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ጡረታ ሲወጣ ያ ችኮላ ተከትሎት ቤት ገባ። ሚስቱ ድስት በጣደች ቁጥር ክዳኑን እየከፈተ «አልደረሰም?» ይላታል። መብራት ሲጠፋ ከቆጣሪው ጋር ይጣላል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እማዬን ልታሳብዳት ነው!» አለችው ልጁ፣ አንድ ቀን ትንሽ ተክል በሸክላ ይዛለት መጥታ። ወፋፍራም ቅጠሎቹ በክብ ተደራርበው አረንጓዴ ጽጌረዳ ይመስላሉ። «ውኃ አታብዛበት አባዬ። አፈሩ ክው ብሎ ሲደርቅ ብቻ።»

እሱ ግን ጠዋት ያጠጣዋል፣ ማታ ያጠጣዋል። በመሀል ደግሞ «ሥር ሰዷል እንዴ?» እያለ ነቅሎ ያየዋል። ብዙም ሳይቆይ ግንዱ ከታች ጠቆረ፣ በስብሶም እጁ ላይ ቀረ።

ሊጥለው ሲል ሚስቱ ተቀበለችው። «ከላይ ያሉት ደህና ናቸው እኮ።» ጤነኞቹን ቅጠሎች አንድ በአንድ አላቃ፣ ሰሃን ላይ ደረቅ አፈር አድርጋ አጋደመቻቸው። ሰሃኑን መስኮቱ ላይ አኖረችና «በሞቴ፣ እንዳትነካ!» አለችው።

ጭንቅ ሆነበት። እጁን ኪሱ ከቶ ይመጣል፣ አጎንብሶ ያያል፣ ተንፍሶ ይመለሳል። ቅጠሎቹ ጭራሽ ተሸበሸቡ።

«ሞተዋል ስልሽ!»

«አንተ ከመንገድ እስክትመለስ በየማታው ስጠብቅ፣ እኔ ሞትኩ?» አለችው ሹራቧን እየሠራች።

እሷም ትጠብቅ እንደነበር አስቦት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ከአንዱ ቅጠል ጫፍ ክር የመሰለ ሥር ወጥቶ ወደ አፈሩ ሲያዘነብል አየ። አጠገቡ ምስር የምታክል ጽጌረዳ አቆጥቁጣለች። ሚስቱን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ተኝታለች። ዘጋው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስክትነሳ ጠበቃት።

«ምን ሆነሃል በጠዋት?» አለችው ስትነሳ።

«ነይ፣ ቀስ ብለሽ።»

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አጎነበሱ።

አሁን መስኮቱ በሸክላ ሞልቶ መጋረጃው አይዘጋም። ሁለቱን ሸክላ ልጃቸው መሥሪያ ቤቷ ወስዳለች። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እሱ ሸክላዎቹን ወደ ብርሃኑ ያዞራል። ሲያሻቸው ያወራሉ፣ ሲያሻቸው ዝም ይላሉ።