ሻምበል ኑርሁሴን የማይጨርሱት ታሪክ

ሻምበል ኑርሁሴን መጀመሪያ የወታደር ልብስ የለበሱት በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ነው። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ከምሴ ተመልሰው ጨፋ ላይ ማሽላ ዘሩ። በዘጠና አንድ የድሮ መኮንኖች ሲጠሩ ግን ሞፈሩን ጥለው ሄዱ፤ ጾረና ግንባር ላይ መቶ ሃያ ሰው አዘዙ። ዛሬ የሚያዙት ሁለት በሬና አንድ እምቢተኛ አህያ ነው።

እኔ ዘይኑ ነኝ፣ ልብስ ሰፊው። ሻምበል ከዙሁር ሶላት በኋላ "አካም ኦልተን" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉንና በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ያን የጾረና ዘመን ያወጉናል። ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ! አልዋሽም፣ ያልዘመትኩበት ግንባር እኔንም ይናፍቀኛል። ከሁሉም የምወደው የኢብራሂምን ነው፤ የዚሁ የከምሴ ልጅ፣ የሬዲዮ ሠራተኛቸው። ጠላት እንዳይገባው መልእክቱን በኦሮምኛ ሲያስተላልፍ መሀል ላይ የእናቱን ቂጣ እያነሳ ያስቃቸው ነበር።

"ርቦንም እንስቅ ነበር" ይላሉ ሻምበል።

ከዚያ ኢብራሂም ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ወጉ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዘራቸውን አንስተው "በሉ ሰላም ዋሉ" ይሉናል። እኔ ሞኙ ደክሟቸው ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ በኢድ ማግስት የኢብራሂም እናት፣ አብሮ አደጌ ኡምኩልሱም፣ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ለልጇ ሰደቃ አውጥታ አታውቅም፤ ከጦሩ የደረሳት ወረቀት "የደረሰበት አልታወቀም" ስለሚል ሞተ ብላ አልቆረጠችም። ሱቁ ውስጥ ስለነበረች ሻምበል አላዩአትም። ጀሪካኑ ጋ ደርሰው ሲነሱ ብቅ አለች።

"ሻምበል፣ ጨርሱልኝ እንጂ።"

ሻምበል ተመልሰው ተቀመጡ። ውሃው ለጦሩ አልነበረም፤ እሳቸው ጠምቷቸው ነው ልጁን የላኩት። ምንጩ ላይ መድፍ ወደቀ። የሚቀበር እንኳ አልተገኘም። ወረቀቱንም የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

"ሞተ ብዬ ብጽፍ ለምን ወረደ እባላለሁ ብዬ ነው" አሉ። "አፈርኩ፣ ኡምኩልሱም።"

ተናደድኩባቸው፤ ዛሬም አልበረደልኝም። እሷ ግን አልተቆጣችም። "ኢና ሊላሂ" ብላ የሞተበትን ቀን ጠየቀቻቸው።

"ጁምዓ ነበር" አሉ።

"ሴት ልጄ ባቲ ላይ ሦስት ጊዜ ስትወልድ አራስ ቤቷ አንድም ሌሊት አላደርኩም" አለች ኡምኩልሱም። "ኢብራሂም መጥቶ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው ብዬ።"